ሰባት ቤት

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ከአፉላ በስተ ምሥራቅ ካለው ጋጣ፣
ከአውሮፕላን የወረደ ድንጉላ በጭነት መኪና መጣ።
ዳማ ነው፤ ግንባሩ ቦቃ፤ የግራ ኋላ እግሩ ነጭ፤
እንደ ተቆጣ እንግዳ ውኃውን በአፍንጫው የሚረጭ።

ኡዚ መነጽሩን ጠርጎ ካታሎጉን ዘረጋ፤
ጣቱ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከስም ወደ ስም ሲጠጋ፦
«አባቱ ኤፕሰም ላይ በአንድ አንገት ቀድሞ ያሸነፈ፣
አያቱ በሎንግሾ ጭቃ አሥራ ዘጠኙን ከኋላ ያሰለፈ፤
እናቱ ሁለቴ ሮጣ ጅማቷ ተበጠሰ፤
እህቷ ግን፣ እያት፣ በደማቅ ጥቁር ፊደል ስሟ ነገሠ!»
«ጥቁሩስ?» አልኩት። «ማዕረግ ነው» አለኝ፤ «ለባለድል።»
ልጓም የያዘ እጄን አየሁት፤ ልስቅ ስል፣ ዝም ስል።
ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ይህን የነገረኝ የለም፤
ለካስ አንዳንድ ወረቀት ላይ ይከበራል ይህ ቀለም።

ገጹ መሐል አንድ ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ አየሁ፤
በአባት ሦስተኛው ቤት፣ በእናት አራተኛው፤ ጣቴን አኖርሁ።
«ኡዚ፣ ይህማ ዘመድ ነው! እንዴት ተጋቡ?» ብል፣
«ፍጥነት እንዲጠራቀም ነው፤ ሦስት በአራት ይባላል» ይል።

እኛ ደንቢያ ሳለን፣ ሳይቆጠር ሰባት ቤት፣
ልጅ አይታጭም ነበር። የአክስት ልጅ፣ እህት።
አባቴ ቆጥሮ ቆጥሮ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ፣
«እንግዲህ ባዕድ ናችሁ፤ ተጋቡ» ይል ነበር፣ ጺሙን ሲዳብስ።

እኔን ግን፣ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቢሮ ጠሩኝ፤
«እናትህ ማን ናት? የእናትህስ እናት? ማስረጃ አምጣ» አሉኝ።
ወረቀት አልነበረኝም። በቃሌ ሰባቱን ቤት ጠራሁላቸው፤
ሦስተኛው ላይ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ጸሐፊው ሰለቸው።

በየካቲት ባዝሮች መጡ፤ ከናሃላል፣ ከሸፈር ዓምር፤
ለአንድ ጊዜ ስድስት ሺህ ሸቀል፣ ለኡዚ የሚቆጠር።
«ሰባት ዓመት እንበላበታለን» ይላል፤ ግድግዳው ላይ ያሰላል፤
እኔ የማውቀው ሌላ ነው፦ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይርዳል፣
የብርቱካን ልጣጭ ይወዳል፣
ሌሊት ሶምሶማ ይረግጣል፣ ሕልም ውስጥ፣ ቆሞ ሳለ።

አቡ ነዲም ባዝራውን ይዞ መጥቶ ዓይቶት ዓይቶት እንዲህ አለ፦
«የእነዚህ የአብዛኞቹ ምንጅላት ከሐለብ በመርከብ የሄደ ነው፤
ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው እንጂ፣ ይኸው፣ ሰፈሩ ገባ፤ የእኛ ነው።»
ድንጉላውን አየሁት። ምስክር አምጣ ያለው የለም።
ድርቆሹን ያላምጣል። ስለ መመለስ ምንም አይናገርም።

ከዚያ ሐኪሟ መጣች፤ ክንዷ እስከ ትከሻ ጓንት፣
ማሽኗን እያየች ቆጠረች፦ ከአሥራ አንዱ ሁለት።
ሁለት ብቻ። ኡዚ ካታሎጉን አጠፈው።
በማግስቱ ለጋጣው ስሙን እንኳ ሳይጠራ አለፈው።
ኤፕሰምም፣ ሎንግሾም፣ ያ ሁሉ ጥቁር ፊደል፣
ዘር ሆኖ አልዘለቀም ከአባት እስከ ፅንስ ድረስ ለመሻገር ስንኳ ለአንድ ክረምት ያህል።

አገሬ ሳለሁ ፈረስ ለጌታው ስም ይሰጥ ነበር፤
ሰው በፈረሱ ይጠራል፤ አባ እገሌ ይባል ነበር።
እኔ ጌታ አይደለሁም፤ ገለባ እለውጣለሁ፣ ኮቴ እፍቃለሁ፤
ግን አቡ ነዲም ከሸፈር ዓምር ሲደውል እሰማለሁ፦
«አቡ ቦቃ!» ይለኛል፤ በእሱም ቋንቋ በእኔም አባት ነው ቃሉ፤
«አቡ ቦቃ፣ ወለደች!» ከኋላው ልጆች ይጮኻሉ።

«ወንድ ነው?» አልኩት። «ግንባሩስ? እግሩስ?»
የገለባ ኮሽታ ሰማሁ፤ የእናቲቱን ትንፋሽ ስትልስ።
«ቆይ» አለኝ። «ገና አልቆመም።
ገና እግሮቹን እየፈለገ ነው።»